ሽንኩርቱን ከየት እንግዛ? ጉሊት፣ የእሁድ ገበያ፣ አትክልት ተራ ወይስ ሱፐርማርኬት

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስገባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ልጆቹ ርቧቸዋል። እንጀራ አለ፣ ሽሮም አለ። ሽንኩርት ግን አልቋል። ነጠላዬን ጣል አድርጌ የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ወደሚሸጡት የጉሊት እናት ሄድኩ። አራት ራስ ሽንኩርት ያላት አንዲት መደብ አነሳሁ። እትዬ ሁለት ቃሪያና አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት መረቁልኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሽሮው ይንተከተክ ነበር።

ያቺ መደብ በኪሎ ብትሰላ ከእሁድ ገበያው ትወደዳለች። የዚያን ዕለት ማታ ግን ከእሷ የሚረክስ ነገር አልነበረም። ሌላው አማራጬ ከውጭ ምግብ ማዘዝ ነበር።

ጓደኞቼ ብዙ ጊዜ «አስቤዛ የት ነው የሚረክሰው?» ይሉኛል። ጥያቄው ገና አላለቀም እላቸዋለሁ። ለማን? ለስንት ቀን? ፍሪጅ አለሽ? ማን ነው የሚሸከመው? አዲስ አበባ ውስጥ ለቤት ወጥ የሚሆን ትኩስ ነገር የሚገዛበት ቦታ ብዙ ነው። እያንዳንዱ ቦታ የሚያዋጣው ለተለየ ነገር ነው። እኔ ዋጋን የምለካው ሚዛን ላይ ሳይሆን ድስቱ ውስጥ በገባው ነው። የተላጠው፣ የበሰበሰው፣ ለታክሲ የወጣው፣ ሳይበላ የተጣለው ሁሉ ይቆጠራል።

በዚህ መለኪያ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ሽንኩርት

ከሽንኩርት የምጀምረው የወጣችን መሠረት እሱ ስለሆነ ነው። ቤቱን ሽንኩርት ያዝ ካደረገ ሌላው ይገጣጠማል።

አዲስ አበባ የሚገባው ቀይ ሽንኩርት በብዛት ከስምጥ ሸለቆው በኩል ነው፤ ከመቂ፣ ከዝዋይ አካባቢ። የሚለማው በመስኖ ስለሆነ በበጋው ደረቅና ጠንካራ ሆኖ ይመጣል። ክረምት ላይ ወይም ዝናብ ነክቶት የተነቀለ ከሆነ ግን አንገቱ እርጥብ ነው። እርጥብ አንገት ያለው ሽንኩርት ቤት አይውልም። ስትገዙ ሥሩን ሳይሆን አንገቱን፣ ቅጠሉ የተቆረጠበትን በኩል፣ በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉት። ከላላ ተዉት። ከደረቀና ከተኮማተረ ውሰዱት።

ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በቅናሽ ነው ተብዬ 10 ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ከረጢት ገዛሁ። ከላይ ያለው ያብረቀርቅ ነበር። ታች ያለውን አላየሁም። በአምስተኛው ቀን ጓዳው ሸተተ። ስገለብጠው ሦስት ኪሎ ያህሉ ውሃ ሆኗል። እንበልና ያኔ ገበያው ላይ ኪሎው 60 ብር፣ ጉሊት ደግሞ 80 ብር ቢሆን፣ 200 ብር አተረፍኩ ብዬ ነው የገባሁት። ግን 600 ብር ከፍዬ የበላሁት 7 ኪሎ ነው። ኪሎው ወደ 86 ብር ገባ ማለት ነው። ከጉሊቱ በለጠ።

ስለዚህ ሽንኩርት በብዛት ከእሁድ ገበያ ይገዛ እላለሁ፤ ግን ዘርግፋችሁ ካያችሁ ብቻ። «አይመረጥም» ከተባላችሁ ወደሚቀጥለው ድንኳን እለፉ። ቤት ስትገቡ ከፌስታል አውጡት። ፌስታል ውስጥ ያልበዋል። በቅርጫት ወይም በኬሻ ላይ ዘርግታችሁ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ከድንች ጋር አትቀላቅሉት፤ አንዱ ሌላውን ያበላሻል።

የሐበሻ ሽንኩርት የምንለው ትንሹ ሌላ ነገር ነው። መላጡ ያስለቅሳል፣ ጊዜ ይፈጃል። ግን ውሃው ትንሽ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ለዶሮ ወጥ እሱን የሚያህል የለም። ለዘወትር ሽሮና ምስር ትልቁ ይበቃል። ለበዓል ግን ሁለት ኪሎም ቢሆን ከሐበሻው ፈልጉ። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ግዙት፤ ደረቅ ከሆነ ይቆያል፣ የዋዜማውን ዋጋ ታመልጣላችሁ።

የእሁድ ገበያ

የእሁድ ገበያ የሚባለው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየክፍለ ከተማው የተስፋፋው ነው። ቅዳሜም የሚውል አለ። መንገድ ዳር ወይም ሜዳ ላይ ድንኳን ይተከላል። የገበሬ ማኅበራት ዩኒየኖች፣ የሸማቾች ማኅበራት፣ አንዳንዴም ፋብሪካዎች ራሳቸው ያቀርባሉ። ከዚህ ሌላ ለሚ ኩራ፣ ኮልፌና አቃቂ ቃሊቲ ላይ የተገነቡ ትልልቅ የግብርና ምርት ገበያ ማዕከላት አሉ። ለእነዚህ ሰፈሮች ቅርብ ከሆናችሁ ሳምንቱን ሙሉ አማራጭ አላችሁ።

እዚህ የሚያዋጣው የሚቆይ ነገር ነው። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር። ጤፍ፣ ምስርና ዘይት ሲኖር እሱንም እዩ። ዋጋው ተጽፎ ሲለጠፍ ደስ ይለኛል። ሰው አይቶ የሚጠራ ዋጋ የለም ማለት ነው። የለጠፉበትን ድንኳን አስቀድሙ።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የደረሰ ይመርጣል። 6 ሰዓት ላይ የደረሰ የተመረጠበትን ይገዛል። ወደ ማብቂያው ግን ሻጩ ጭኖ መመለስ አይፈልግም፤ ቲማቲም ላይ ጥሩ ቅናሽ ታገኛላችሁ። ያንን መግዛት ያለባችሁ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት የምታበስሉት ከሆነ ብቻ ነው።

ሚዛኑን በተመለከተ አንድ ዘዴ አለኝ። ያልተከፈተ ባለ 1 ሊትር የታሸገ ውሃ ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ከነፕላስቲኩ ትንሽ ከፍ ይላል። ሚዛኑ ላይ ስጭነው ብዙ ከፍ ብሎ ካነበበ ቅሸባ አለ። ሳልጣላ፣ ቃል ሳልናገር ውሃዬን አንስቼ እሄዳለሁ። ብዙዎቹ ሻጮች ግን አይከፋቸውም። «አረጋግጪ እህቴ» ይላሉ፤ እንደዚያ ያለኝ ሰው ጋ ነው ደንበኛ የምሆነው።

ጉሊት

ጉሊትን «ውድ ነው» ብለው የሚያልፉ ሰዎች ይቆጩኛል። የሚገዙት በመደብ ስለሆነ ዋጋውን በኪሎ ማወዳደር ይከብዳል። እኔ አንድ ቀን የገዛሁትን የድንች መደብ ቤት ወስጄ መዘንኩት። በኪሎ ሲሰላ ከእሁድ ገበያው በለጠ። ግን ስድስቱም ድንች ገባ። አንድም አልተጣለም። ታክሲ አልከፈልኩም። የሚያስፈልገኝም ስድስት ድንች ብቻ ነበር።

በሁለት ቀን የሚጠወልግ ነገር ሁሉ የጉሊት ነው። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ድንብላል ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ። ለአንድ ድስት ጎመን አንድ ወይም ሁለት እስር ይበቃል። አምስት እስር ገዝቶ ሦስቱን ቢጫ ማድረግ ቁጠባ አይደለም።

ቲማቲም ስትገዙ ከሁለት ዓይነት ምረጡ። ግማሹ ለዛሬና ለነገ የቀላ፣ ግማሹ ጠንከር ያለ፣ ገና ወደ ቅላት የሚሄድ። ጠንካራውን ፍሪጅ አታስገቡት፤ ውጭ ይቅላ። ፍሪጅ የሚገባው ቀልቶ ካለቀ በኋላ ነው። ያለዚያ መልኩ ይቀላል እንጂ ጣዕሙ አይመጣም።

ጉሊት ላይ የሚገኘው ሌላው ትርፍ ሻጯ ራሳቸው ናቸው። የኔዋ እትዬ ሸቀጡን ያውቁታል። «ዛሬ ቃሪያው አያቃጥልም ልጄ፣ ለስንግ ነው የሚሆነው» ይሉኛል። «ይሄ ጎመን የትናንት ነው፣ ነገ ይምጣልሽ» ብለው ሳይሸጡልኝ የመለሱኝ ቀን አለ። ይህን የሚል መደርደሪያ የለም። እናም እባካችሁ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሳትከራከሩ ከፍላችሁ መጥታችሁ፣ ፀሐይና ዝናብ ላይ ከተቀመጡ እናት ጋር ለአምስት ብር አትሟገቱ። ደንበኛ ሁኑ። ምራቂው ራሱ ይመጣል።

ጎመንና ሰላጣ፦ ዋጋውን ከመጠየቅ በፊት

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ከርካሽና ከውድ በላይ የሆነ ጉዳይ ነው።

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ዳር አትክልት ይለማል። ወንዞቹ ከከተማው ፍሳሽና ከፋብሪካ የሚወጣ ቆሻሻ ይቀላቀልባቸዋል። ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን በዚህ ውሃ ሲለማ ሁለት ዓይነት ችግር ይመጣል። አንዱ ጀርምና የጥገኛ ትላትል እንቁላል ነው። ይህ በደንብ ሲበስል ይሞታል። ሁለተኛው ከፋብሪካ የሚመጣው ከባድ ብረት ነው። እሱ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚገባ በማጠብም በማብሰልም አይለቅም።

ስለዚህ ቅጠል ስገዛ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከየት ነው የመጣው?» ነው። ሻጩ የማያውቅ ከሆነ ከሌላ እጠይቃለሁ። ለጥሬ ሰላጣ በተለይ እጠነቀቃለሁ። በክረምት በዝናብ የበቀለ የደጋ ጎመን ሲመጣ ግን ልቤ ያርፋል። ጎመን በብዛት የምንበላውም ያኔ ነው።

እስሩን ሳትፈቱ አትግዙ። ከላይ ውሃ ተረጭቶ ያማረ ጎመን መሃሉ ተንፍሮ ሊሆን ይችላል። ፈታ አድርጋችሁ አሽትቱት። ግንዱን ስትሰብሩት «ቀጭ» ካለ ትኩስ ነው። ከታጠፈ ውሎ አድሯል። ትንሽ የትል ቀዳዳ አያስፈራችሁ፤ እኔ እንዲያውም አንድ ሁለት ቀዳዳ ሳይ ደስ ይለኛል።

ከገበሬዋ እጅ

ከከተማው ዳር ዳር፣ ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋ፣ ከሆለታና ከሰበታ በኩል የሚገቡ ሴቶች አሉ። አይብ በኮባ ቅጠል፣ ቅቤ፣ የሐበሻ እንቁላል፣ አንዳንዴ አንድ ሸክም ጎመን ይዘው ይመጣሉ። ጠዋት ገብተው ሲሸጡ ይመለሳሉ። ቦታቸው ቋሚ አይደለም። የሰፈሩን ሰው ጠይቁ፤ ሁሌም የሚያውቅ አለ።

አይብና ቅቤ ከዚህ ውጭ ባይገዛ እመርጣለሁ። ቅቤ ላይ ባዕድ ነገር የሚቀላቅሉ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም ሰምተናል። ከማታውቁት ሰው ብዙ አትግዙ። ሩብ ኪሎ ወስዳችሁ ቤት አንጥሩት። ሲነጠር ሽታው ይናገራል፣ ከታች የሚቀረው አንጉላም ይናገራል። ጥሩ ከሆነ የሚቀጥለውን ሳምንት እዘዟት። እንቁላሉን ደግሞ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ከታች ከተጋደመ ትኩስ ነው። ከቆመ ቶሎ ይበላ። ከተንሳፈፈ ጣሉት።

እሸት የሚገኘውም ከእነሱ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ የበቆሎ እሸት፣ ቀጥሎ የባቄላ፣ ወደ ኅዳር የሽምብራ እሸት። ይህ ዋጋ የሚነጻጸርበት ነገር አይደለም። ሲመጣ ይገዛል፣ ይበላል።

በርበሬም እዚህ ይነሳ። የተፈጨ በርበሬ ገበያ ላይ ርካሽ ካያችሁ ምክንያት አለው። የሸክላ ዱቄት የተቀላቀለበት ተይዞ ያውቃል። በበጋው ዛላውን ግዙ። የማረቆ ከሆነ መልኩም ጣዕሙም የታወቀ ነው። ሰንጠቅ አድርጋችሁ ውስጡን እዩ፤ ግራጫ ሻጋታ ያለበትን አታስገቡ። ሻጋታው ሲፈጭ አይታይም እንጂ መርዙ አይጠፋም።

አትክልት ተራ

አትክልት ተራ ሲባል ብዙዎቻችን ፒያሳ ነው የሚመጣልን። በ2012 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ደግሞ ወደ ሀይሌ ጋርመንት ሄደ። መኪናው ሌሊት ይገባል፣ ሽያጩ ጎህ ሳይቀድ ይጀመራል። የሚሸጠው በኬሻና በሳጥን ነው።

ለአንድ ቤት የዘወትር ወጥ አያዋጣም። በግልጽ ልበለው። ኬሻ ሽንኩርት ለአራት ሰው ቤት ከመብዛቱ የተነሳ እኩሌታው ይበቅላል ወይም ይበሰብሳል። የቲማቲም ሳጥን ደግሞ ከታች ያለው የተጨፈለቀ ነው፤ ዋጋውም ያንን ቆጥሮ ነው።

ሁለት ጊዜ ግን ይሂዱ እላለሁ። አንደኛው ድግስ ሲኖር ነው። ክርስትና፣ ሰርግ፣ ማኅበር፣ ተዝካር። ሁለተኛው ጎረቤት ለጎረቤት ስትስማሙ ነው። እኛ ግቢ አራት ቤት ሆነን በወር አንዴ አንድ ኬሻ ሽንኩርትና አንድ ኬሻ ድንች እናመጣለን። አንድ ሰው ይሄዳል፣ የመጫኛውን አራታችን እንካፈላለን። በረንዳ ላይ ዘርግፈን እንለቅመዋለን። የተጎዳው የዚያኑ ቀን ይከተፋል፣ ደህናው በእኩል ይመዘናል። ቡና ይፈላል። ከዋጋው ይልቅ እሱ ቀን ነው የሚናፍቀኝ።

ድንች ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጭቃ የያዘ ድንች ከታጠበው በላይ ይቆያል። ግን ጭቃውንም በኪሎ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ደረቅ አፈር የያዘውን ምረጡ፣ በእጃችሁ ሲታሽ የሚረግፍ። አረንጓዴ የሆነውን አትውሰዱ። ብርሃን ሲያገኘው ነው እንደዚያ የሚሆነው፤ ይመራል፣ ጤናም ይጎዳል። ቤትም ጨለማ ቦታ አስቀምጡት።

ሱፐርማርኬት

ለትኩስ አትክልት የመጨረሻ ምርጫዬ ነው። ንጹሕ ነው፣ ዋጋው ተለጥፏል፣ ማታ ድረስ ክፍት ነው። እንጉዳይ፣ ብሮኮሊ፣ የታሸገ እርጎ ስትፈልጉ ሂዱ። ግን በፕላስቲክ የተጠቀለለ ቃሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ሥሩን ገልብጡ፤ ላብ ከያዘ ነገ ይለሰልሳል። ፍራፍሬውን፣ የአርባ ምንጭ ሙዙን ጨምሮ፣ ከሰፈር ፍራፍሬ ቤት ግዙ።

ለእናንተ የቱ ይሻላል?

ላጤ ከሆናችሁ ወይም ባልና ሚስት ብቻ ከሆናችሁ፣ ሁለታችሁም የምትሠሩ ከሆነ፣ ጉሊትን ያዙ። በወር አንዴ ሦስት ኪሎ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ከእሁድ ገበያ ይበቃችኋል። ከዚያ በላይ ከገዛችሁ ለቆሻሻ ቅርጫት ነው የምትገዙት።

አምስት ስድስት ሰው ያለበት ቤት ከሆነ ለሁለት ክፈሉት። የሚቆየው በየሁለት ሳምንቱ ከእሁድ ገበያ፣ የሚጠወልገው በየሁለት ቀኑ ከጉሊት። እኔ የማደርገው ይህንን ነው። ስጀምር ያየሁት ለውጥ የወጪው መቀነስ ብቻ አልነበረም፤ የቆሻሻ ፌስታሉ ቀለለ።

ፍሪጅ የሌላችሁ ከሆነ ቅጠልና ቀልቶ ያለቀ ቲማቲም ለነገ እንኳ አትግዙ። ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመንና ዱባ ግን ያለ ፍሪጅ ይውላሉ። በተለይ ሳይቆረጥ ዱባን የሚያህል ታጋሽ የለም። ጾም ሲሆን ይህ ዝርዝር ራሱ ሙሉ የሳምንት ማዕድ ነው፤ ድንች በአልጫ፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ የዱባ ወጥ።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት ገበያው ይጋጋላል። ምስርና ሽሮውን ከዚያ ሳምንት በፊት አስገቡ። ለቅጠሉ ግን አትቸኩሉ፤ በየዕለቱ ትኩሱን ማግኘት ይቻላል።

ጊዜ ያላችሁ እሁድ ከሰዓት ደግሞ ቁሌት ሥሩ። አምስት ኪሎ ሽንኩርት ክተፉ፣ ያለ ዘይት አቁላሉት፣ ውሃው ሲመጥ ዘይትና በርበሬ ጨምሩበት፣ ቀስ ብሎ ይብሰል። ሲበርድ በአንድ ድስት ልክ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር አስገቡ። ከአንገቱ የላላው ሽንኩርት መውጫው ይህ ነው። ነጭ ሽንኩርቱንም ከዝንጅብል ጋር ፈጭታችሁ እንዲሁ በረዶ አድርጉት። በዘይት ነክራችሁ ውጭ አታስቀምጡት፤ አደገኛ ባክቴሪያ ይራባበታል። መብራት ሠፈራችሁ ቶሎ ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚሆን አትሥሩ።

ክረምት ሲቃረብ ቲማቲም መወደዱ አይቀርም፤ ዝናብ ያበሰብሰዋል። ስለዚህ በበጋው፣ ሲረክስ፣ የለሰለሰውን በቅናሽ እየገዛሁ ፈጭቼ አፍልቼ አስቀምጣለሁ። ዘንድሮ በትንሽ በትንሹ 12 ዕቃ ሞላሁ።

ትናንት ማታ ከታክሲ ስወርድ እትዬ ሸማቸውን ተከናንበው፣ መደባቸውን በላስቲክ ሲሸፍኑ ደረስኩ። ማካፋት ጀምሯል። «ነገ ጠዋት ጎመን ይገባልኛል፣ የሱሉልታ ነው። ላስቀምጥልሽ?» አሉኝ።

«ሁለት እስር፣ እትዬ።»